ላቀች ሃያ ሹራብ እስክታጥፍ

ታሪክ ከጀመሩ በኋላ በየመሃሉ አዲስ ሰው የሚያስገቡ ጸሐፊዎችን አልወድም። ስለዚህ በነገሩ የነበርነውን ሁሉ አስቀድሜ ልጥራ። የመጀመሪያዋ ላቀች ናት፤ በኬንያዋ ሞያሌ ሰልባጅ ልብስ ትሸጥ የነበረች፣ ባለፈው ማክሰኞ የቀበርናት። ሁለተኛው ቺፍ ጉዮ ነው፤ የሰፈራችን የመንግሥት ሹም፣ ከእሱ በፊት ሆዱ ቢሮ የሚገባ። ሦስተኛዋ ባለቤቴ አስቴር ናት። አራተኛው እኔ ታደሰ ነኝ፤ ልብስ ሰፊ፣ የሦስት ሴቶች ልጆች አባት፣ ያኔ ደግሞ የሰበካ ጉባኤ አባል። አምስተኛዋ አንዲት ልጅ ናት፤ ስሟን እስከ ዛሬ አላውቅም። ስድስተኛዋ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ተኝታ የነበረችው ናት፤ ያኔ ገና ስም አልወጣላትም።

የላቀችን ሞት የነገረኝ ጉዮ ነው። ሱቄ በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ሃዳ ላቀች አለፈች" አለ። ሃዳ በቦረንኛ እናት ማለት ነው። ባርኔጣውን በእጁ እያገላበጠ፣ "ከእንግዲህ አርባ አራት ብሎ የሚጠራኝ የለም" አለ።

አርባ አራት የወገቡ ልክ ነው። ላቀች ሰውን በስሙ አትጠራም፤ በቁጥሩ ነው። ከላይ እስከ ታች አንዴ አይታ የወገብህን ልክ ትነግርሃለች። ሜትር ይዤ ብዙ ጊዜ ፈትኛታለሁ፤ ስትሳሳት አላገኘኋትም። እኔን ሠላሳ ትለኝ ነበር። "ሠላሳ! በዚህች ቅጥነትህ ይህን ሁሉ ኩራት የት አስቀመጥከው?" በዕድሜ ታላቄ ስለሆነች መጀመሪያ ላይ አንቱ ብያት ነበር። "አንቱ የሚባለው ጥርሱ ያለቀ ነው፤ እኔ ገና ሰው እነክሳለሁ" አለችኝ። ስለዚህ ሞታም አንቱ አልላትም፤ የሚቀየመኝ ካለ ይቀየም።

ወደዚህ የመጣችው ብዙዎቻችን በመጣንበት መንገድ ነው፤ መንግሥት ሲለወጥ ድንበር ተሻግራ። ዋልዳ በነበረው የስደተኞች ካምፕ ሴቶች ስታዋልድ ቆየች። ካምፑ ሲዘጋ ሞያሌ መጣችና ከእኔ ሱቅ ጎን፣ ግድግዳ ለግድግዳ፣ ሚቱምባ ዘረጋች፤ ሰልባጅን እዚህ የምንለው እንደዚያ ነው። እኔ ሁለት ቀን ደክሜ የምሰፋውን ሱሪ እሷ የፈረንጅ አሮጌ በሻይ ዋጋ ትሸጣለች። ፍቅራችን እንዴት እንደነበር ገምቱት።

ዋና ሙያዋ ግን ወሬ ነበር። ሐቁን ልናገር፤ ከሶሎሎ ከተማ እስከ ኦቦ መንደር እንደሷ ያለ ሐሜተኛ አልነበረም። ሰው ወሬ ሊሰማ ይመጣና አፍሮ ካልሲ ገዝቶ ይሄዳል። እሷም አትክድም። "ምላሴ ወንፊት ነው፤ የተጨመረበትን ያፈሳል" ትል ነበር፤ ጭኗን በጥፊ እየመታች። ያ ጥፊ ከተሰማ የአንድ ሰው ስም ሊጠፋ ነው ማለት ነው።

በሞያሌ ሙቀት ወፍራም ሹራብ ፈልጋ የምትመጣ ልጅ ብርድ ይዟት እንዳልሆነ ላቀች ታውቃለች። ዋልዳ ላይ ስንት ሆድ ያየ ዓይን አይታለልም። አንድ ጊዜ ስለ አንዲት እንዲህ ያለች ልጅ አወራች፤ እየሳቀች፣ ክፉ ሳታስብ። ወሬው የልጅቷ አባት ጆሮ ደረሰ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከገበያው ጀርባ ካለ የመጸዳጃ ጉድጓድ የጨቅላ ሬሳ ወጣ። ልጅቷን ፖሊስ ወሰዳት።

ያን ቀን ላቀች ሱቋን አልከፈተችም። በማግስቱ መጣችና ክንዷን ስፌት መኪናዬ ላይ አስደገፈች።

"ታደሰ" አለችኝ። በስሜ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነበር። "ያን ሕፃን ጉድጓድ የከተተችው ልጅቷ አይደለችም። ይቺ ናት።" ምላሷን አውጥታ በሁለት ጣቷ ያዘችው።

እኔም እንደ ልማዴ፣ "ንስሐ ግቢ" አልኳት።

"ንስሐው ለእኔ ነው። ለሚቀጥለው ሕፃን ምን ይሆነዋል?" ብላኝ ሄደች።

በሳምንቱ የሱቋን የጀርባ ግድግዳ አስበስታ የሻይ ቅጠል የሚመጣበትን የእንጨት ሳጥን አስገባች። ውስጡን በሹራብ ደለደለችው። በውጭ በኩል ከዘይት ጣሳ ቆርቆሮ ትንሽ መዝጊያ አበጀችለት፤ ከመዝጊያው በላይ ቦረኖች ግመል አንገት ላይ የሚያስሩትን የእንጨት ደወል ሰቀለች። ማሳደግ ያልቻለች እናት የወለደችውን ሳጥኑ ውስጥ ታስተኛለች፣ ደወሉን ትነቀንቃለች፣ ትሄዳለች። ሌላውን ላቀች ታውቅበታለች። ወሬውን ራሷ ነዛችው፤ ምላሷ ያን ጊዜ ለአንድ ቁም ነገር ዋለ።

ሌሊት ጅብ አለ፤ ድንበር ጠባቂም አለ። ስለዚህ የቀጠረችው ሰዓት ዓርብ እኩለ ቀን ነበር፤ እስላሙ መስጊድ፣ ክርስቲያኑ ምሳ ሲሄድ፣ ከሱቆቹ ጀርባ ባለው መተላለፊያ ድመት እንኳ አያልፍም።

ደግሞ ሕግ ነበራት። ደወሉን ሰምታ ወዲያው አትከፍትም። ሃያ ሹራብ አንድ በአንድ አጥፋ ትደረድራለች፤ ሃያኛው ሲያልቅ ብቻ ትከፍታለች። ለምን ብዬ ጠየቅኋት።

"ካየኋት አውቃታለሁ፤ ካወቅኋት አወራለሁ። እኔ እኮ ራሴን አውቀዋለሁ! እንዳላወራ መድኃኒቱ አለማወቅ ነው።"

እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረስኩም፤ ፊደል የለቀምኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። የገዛ ጉድለቱን እንዲህ በሜትር የለካ ሰው ግን በመጽሐፍም አላጋጠመኝም። ይህን የምለው ዛሬ ነው። ያኔ የታየኝ ሌላ ነበር።

የመጀመሪያው ሕፃን ሲመጣ ጉዮ መዝገቡን ይዞ ከተፍ አለ፤ ልጅ ጥሎ መሄድ በሕግ ያስቀጣል።

"ሃዳ፣ ማን አስቀመጠው?"

"ሹራብ እያጠፍኩ ነበር።"

"መልኳስ? ቁመቷስ?"

"አርባ አራት፣ በመጽሐፍ ቅዱስም በቁርአንም አስምለኝ፤ ያየሁት ሹራብ ነው።"

ጉዮ ብዕሩን ለረጅም ጊዜ አኘከ። ከዚያ "ያልታወቀ" ብሎ ጻፈና ሕፃኑ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ የሚሄድበትን ደብዳቤ ሰጠ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሄደ። የኔ ትዕግሥት ያለቀው ያኔ ነው።

ጉዮ ባራዛ ሲጠራ፣ የሰፈር ስብሰባ ማለት ነው፣ ተነሥቼ ተናገርኩ። በደንብ ተዘጋጅቼ ነበር። "ላቀች ለኃጢአት በር ሠራችለት!" አልኩ። "እዳው በቀለለ ቁጥር ኃጢአቱ ይበዛል። በሩ ይዘጋ!"

ላቀች ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣ "ሠላሳ፣ አንተ ሱሪ ስትሰፋ ዚፕ ታደርግበታለህ?" አለችኝ።

"እንዴታ።"

"በሰፋኸው ዚፕ ስንት ኃጢአት እንደወጣ ቆጥረሃል? የእኔ በር እኮ የአንተን በር ጣጣ ነው የሚቀበለው!"

ባራዛው በሳቅ ፈረሰ። ጉዮ ሻዩን ደረቱ ላይ ደፋ። እኔ ቀልቤ ተገፈፈ፤ እሷ ግን አልጨረሰችም። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ሦስት ሴቶች ልጆች አሉህ። አንዷ ብትቸገር ለማን ትነግራለች? ለአንተ?"

"ለእናቷ ትነግራለች።"

"እናቷስ?"

ወደ አስቴር ዞርኩ። አስቴር ከሴቶቹ መሃል ሆና መሬት መሬት ታይ ነበር።

በሐሳብ መሸነፍ አልቻልኩበትም። በዓይኔ አይቼ አንዷን ብይዝ፣ ብመክራትና ልጇን አቅፋ ወደ ቤቷ ብትመለስ፣ ያኔ ማን ትክክል እንደሆነ ይታያል አልኩ። የሱቄ የኋላ መስኮት የላቀች ደወል ወደተሰቀለበት መተላለፊያ ያያል። በሚቀጥለው ዓርብ አስቴርን "ምሳ አልመጣም፤ ሥራ አለብኝ" ብዬ መስኮቱን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ። ማንም አልመጣም። በሁለተኛውም አልመጣም። በሦስተኛው ዓርብ፣ አዛን ካለቀ በኋላ፣ አንዲት ልጅ መጣች።

ፊቷን በሻሽ ሸፍናለች። ወፍራም አረንጓዴ ሹራብ ለብሳለች፤ ደረቱ ላይ በረዶ ውስጥ የቆመ ቀንዳም አጋዘን አለበት። እርጥብ ልብስ የሞላ ሳፋ ታቅፋለች። ሳፋውን መሬት አኖረችና ግራና ቀኝ አየች። ቸኩላ ኖሮ ሕፃኑን ሳታወጣ በፊት ደወሉን አንዴ ነካችው፤ ኳ አለ። ከዚያ ወደ ሳፋው ጎንበስ አለች።

መስኮቱን በረገድኩት። "ቁሚ! የማን ልጅ ነሽ?"

ሌላ ነገር ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ጥሩ ጥሩ ምክር። ከአፌ የወጣው ግን ይህ ነው። በኛ ዘንድ ለሴት ልጅ ይህ ጥያቄ አይደለም፤ ፍርድ ነው። ልጅቷ ሳፋውን አንሥታ ሮጠች። ከልብሱ ሥር አንዲት ጭብጥ የምታህል እጅ ብቅ ስትል አየሁ። መስኮቱ ጠባብ ነው፤ መውጣት አልቻልኩም። በፊት ለፊት ዞሬ ስደርስ መተላለፊያው ባዶ ነበር።

የላቀችን በር በጡጫ ደበደብኩ። ከውስጥ ተቀርቅሯል።

"ላቀች! ውጪ!"

"ሰባት" አለች ከውስጥ።

"ውጪ እልሻለሁ!"

"ስምንት። ሠላሳ፣ ከዚያ ዞር በል፣ ደወል ተመትቷል!"

"እኔ ነኝ እኮ ያለሁት!"

"ዘጠኝ። አንተ ነህ እንዴ የወለድከው? አስቴር ታውቃለች?"

"አስደንግጫት ሄደች! ሕፃኑን ይዛ ሮጠች!"

አሥር የሚል ድምፅ ጠበቅኩ። አልመጣም። በሩ ተከፈተ። የምትሰድበኝ መስሎኝ ጆሮዬን አዘጋጅቼ ነበር፤ ብትሰድበኝ ምንኛ በቀለለኝ።

"ምን ለብሳለች?" አለች።

ሹራቡን ነገርኳት። አጋዘኑን ስጠቅስ ዓይኗን ጨፈነች።

"በቦንዳው ውስጥ እንደሱ ያለ አንድ ብቻ ነበር" አለች። "ለማን እንደሸጥኩት አውቃለሁ። ይኸው አሳወቅኸኝ።"

ልከተላት ስል በእጇ ደረቴን ገፋችኝ። "አንተ ካየሃት ትመክራለህ። ግባና ሃያ ሹራብ አጥፍ።" ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወደ ድንበሩ ፈፋ ቁልቁል ወረደች፤ ያን ያህል ግዙፍ ሴት እንደዚያ ስትፈጥን አይቼ አላውቅም።

ገብቼ አጠፍኩ። ሃያ ሲሞላ ሁሉንም በታትኜ እንደገና ጀመርኩ። በዓይኔ ላይ ያለው ከገበያው ጀርባ ያለው ጉድጓድ ነበር። ላቀች ያን ጊዜ ምላሷን በጣቷ ስትይዝ ንስሐ ግቢ ያልኳት ሰው አሁን የራሴን ምላስ በምን እንደምይዘው አላወቅሁም። ሰዉ ከመስጊድ ወጣ፤ ሱቆች ተከፈቱ። አስቴር ለምን እንደቀረሁ ልታይ መጣች። ነገርኳት።

"መስኮቱን ለምን ከፈትከው?" አለችኝ።

"ልመክራት።"

"እኔን ሃያ ዓመት መክረኸኛል" አለች፤ ሹራብ አንሥታ ማጠፍ እየጀመረች። "አንድ ቀን ጭንቅ ይዞኝ ወዳንተ ስሮጥ አይተኸኛል?"

አላየሁም። እውነቱ ይህ ነው።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ከዋናው መንገድ ሳቅ ተሰማ። ወጥተን አየን። ላቀች በገበያው መሃል እየመጣች ነው፤ ሳፋው በራሷ ላይ፣ ያ አረንጓዴ ሹራብ ከቀሚሷ በላይ። በደረቷ ስፋት አጋዘኑ ተለጥጦ ጎሽ መስሏል። ላቧ ያንቆረቁራል።

"ላቀች፣ በረዶ ጣለ እንዴ?" አላት አንድ ሹፌር።

"ጣለ! ሂድ ለአባትህ ብርድ ልብስ ግዛለት!"

ሱቋ ገብታ ሳፋውን አወረደች። እርጥቡን ልብስ ገለጥ አድርጋ አንዲት ቀይ ሴት ሕፃን አወጣች፤ ከንፈሯ ደርቋል፣ ዓይኗ ተከድኗል። ላቀች በወረንጦ ጣቶቿ የእግሯን መዳፍ ቆንጠጥ አደረገቻት። ሕፃኗ ጮኸች። በሕይወቴ ከሰማሁት ጩኸት ሁሉ የሚጥመኝ እሱ ነው፤ የገዛ ልጆቼንም ጨምሮ።

ጉዮ መኪና ፈለገ። አስቴር ሕፃኗን ደረቷ ውስጥ አድርጋ በዚያ ድንጋያማ መንገድ ሶሎሎ ወዳለው ሆስፒታል ወሰደቻት። ሁለት ቀን ምንም ወሬ አልደረሰንም። በሦስተኛው ቀን በጭነት መኪና ሹፌር መልእክት መጣ፤ ትጠባለች፣ ትድናለች።

"ልጅቷን የት አገኘሻት?" ብዬ ላቀችን ጠየቅኋት።

"የትኛዋን ልጅ?" አለችኝ።

ሹራቡን ለምን ለብሳ እንደመጣች የገባኝ ውዬ አድሬ ነው። ልጅቷን ሊያስይዝ የሚችል አንድ ምልክት እሱ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሞያሌ ሁሉ ያንን አጋዘን የሚያውቀው በላቀች ደረት ላይ ነው። በየዓርቡ ትለብሰው ነበር፤ በዚያ ሐሩር፣ በላብ እየታጠበች።

እኔም በሚቀጥለው ባራዛ ተነሥቼ ያደረግሁትን ሳልቀንስ ተናገርኩ። ከኋላ የሳቀ ነበር። ላቀች ዞራ፣ "ዝም በል! ሠላሳ ዛሬ በራሱ ሜትር ተለክቷል" አለችው። ከሰበካ ጉባኤው በፈቃዴ ወጣሁ። የኋላ መስኮቴን በብሎኬት ደፈንኩት። ሱቄ ከዚያ ወዲህ ምድጃ ነው፤ ይገባኛል።

ለላቀች ግን የተረፋት የከፋ ነበር። ወንፊት ሆና የኖረች ሴት አንድ ስም ሆዷ ውስጥ ቀረ። ሰዎች ሹራቡን አይተው ሲጎነትሏት ስሙ ከንፈሯ ላይ ሲደርስ አይ ነበር። ይኼኔ ከክምሩ ካልሲ ታነሣና ጥርሷ መሃል ትነክስ ነበር። አንዱ ወሬ ሌላውን ስቦ እንዳያወጣ ፈርታ የማንንም ማውራት ተወች። ጭኗን መምታት ቀረ። ወሬ ፈላጊው ሲቀር ካልሲ ገዢውም ቀረ። የቀራት ስድብ ብቻ ነበር፤ እሱንም በደንብ ተጠቀመችበት።

ደወሉ ለብዙ ወራት ዝም አለ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዳግመኛ የሚያምነን የለም ብዬ ነበር። አንድ ዓርብ ግን በብሎኬቱ ውስጥ ኳ፣ ኳ ሲል ሰማሁ። መርፌዬን አቆምኩ። ከግድግዳው ማዶ ላቀች "አንድ" አለች። እኔም በእጄ ያለውን ሸሚዝ አጠፍኩ።

ከአልጋ ከዋለች በኋላ፣ ከመሞቷ ጥቂት ቀን ቀድሞ፣ ልጠይቃት ሄድኩ። ዓመታት ሲበላኝ የኖረውን ጥያቄ መያዝ አቃተኝ። ማንም እንዳይሰማ ጎንበስ ብዬ፣ "ላቀች፣ ያቺ ልጅ ማን ነበረች?" አልኳት። በጣቷ ቅረብ አለችኝ። ጆሮዬን አፏ ላይ አደረግሁ። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"ሠላሳ አራት ሆነሃል" አለችኝ። "እራት ቀንስ።"

ሱቋን የተከራየው ነጋዴ ቀዳዳውን ሊደፍነው ነው። ከቀብሩ በኋላ አስቴርና ልጆቼ እያዩኝ የመስኮቴን ብሎኬት አፈረስኩና ሳጥኑን እዚያ አስገባሁት፤ ደወሉን ከበላዩ ሰቅዬ፣ ከውስጥ ሆኖ ውጪው የማይታይበት መዝጊያ አበጅቼ። አረንጓዴውን ሹራብ በልኩ ቆርጬ ውስጡን ለበድኩበት፤ አጋዘኑ ትራስ ሆኗል። ሃያ ሹራብ ደግሞ ከጎኔ ተቀምጧል።

እንግዲህ ድምሩን ልስጥ፤ ታሪክ ጽፎ ድምሩን የሚደብቅ ጸሐፊም አልወድም። ጉዮ አንድ ሹም የማይጽፈውን ቃል እያወቀ በመዝገቡ ጻፈ፤ ስለ እሱ ዛሬም ብዕሩን ያኝካል። አስቴር የሶሎሎ መንገድ የሰበረውን ወገብ ይዛ ቀረች፤ ሲዘንብ ያማታል። እኔ አንድ መስኮትና ትክክል ነኝ የሚል አንድ ትልቅ ሐሳብ አጣሁ። ላቀች እስክትሞት ወሬዋን ከፈለች፤ ሌላ ሀብት አልነበራትም። አምስተኛዋ የከፈለችውን የሚያውቀው ሰው ተቀብሯል፤ ከሁላችንም ይበልጥ እንደሆነ ግን አልጠራጠርም።

ስድስተኛዋ ሩቅ አገር ልጅ ያልነበራቸው ሰዎች ቤት ታድጋለች፤ ትምህርት ልትጀምር ነው ሲባል ጉዮ ሰምቷል። እሷ ምንም አልከፈለችም።